ስድስተኛው ትከሻ

«አምስቱ ተገኝተዋል» አለች ኖላ። «ስድስተኛው ነው የቀረው።»

ታምሲን ኩባያ እያደረቀች ነበር። ያንኑ ኩባያ ከማለዳ ጀምሮ ስንቴ እንዳጠበችው፣ ስንቴ እንዳደረቀችው እንጃ። ሳሎን የተቀመጡት ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ።

«ነግሬሻለሁ፣ አክስቴ። ቀብሩ ላይ እገኛለሁ፤ አበባውንም እኔው እመርጣለሁ። ሣጥኑን ግን አልሸከምም።»

«የቀብር አስፈጻሚው እስከ ሰኞ ማታ ስም ንገሩኝ ብሏል።»

«ከባቡር ክለቡ አንድ ሰው ጨምሩበት።»

«የክለቡ ሰው ሞልቷል። ልጁ ግን አንድ አንቺ ነሽ።» ኖላ የወተቱን ማንቆርቆሪያ አንስታ ወደ ሳሎን ልትሄድ ብላ በሩ ላይ ቆመች። «ደግሞ ጊዜ አለሽ። ሰኞ በዓል ነው፤ ንጉሡ ልደቱን እስኪያከብር ሬሳ አይቀበርም፤ ቀብሩ ረቡዕ ነው። አስቢበት።»

የታምሲን አባት ኔቪል የሞተው ማክሰኞ ነው። ጓሮ ካለው የሥራ ክፍሉ የሻይ ሰዓት አልፎ እንኳ ብቅ ሳይል ሲቀር፣ ጎረቤቱ ግሌኒስ በአጥር ላይ ተጣራች፤ መልስ ስታጣ ገባች። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ልቡ ቀጥ ብሎ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በዚያው በባላራት ከተማ፣ ፋርማሲ ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ መድኃኒት ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። የማያውቀው የለም፤ ጠጋ ብሎ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ታምሲን በማግሥቱ ከሜልበርን መጣች። ከስኮትላንድ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም። ለትምህርት ሄዳ፣ ትምህርቱ ሌላ ትምህርት እየወለደ፣ ወጣትነቷን እዚያ አጋምሳ ተመለሰች፤ ለምን እንደሄደችም ለምን እንደተመለሰችም አጥርታ መናገር አትችልም። ሜልበርንና ባላራት ቅርብ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ከተመለሰች ወዲህ አባቷን ያየችው ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሁለቴም ስለ ብርዱ አውርተው ተለያዩ።

ኩባያውን ከሌሎቹ ጋር ደረደረችና ሌላ አነሳች። ወጥ ቤቱና ሳሎኑ የሚገናኙበት ትንሽ መስኮት ክፍት ነው።

«የውጭዋ ናት?» ትላለች አንዷ።

«እሷ ናት።»

«ለእናቷ ቀብር እንጂ ለሞቷ አልደረሰችም ነበር እኮ።»

«ምን ታድርግ፣ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ!»

«እሱስ ባሕር አልነበረበት። ሚስቱ ስትሞት የት ነበር? ባቡሮቹ ጋ!»

«ተይ፣ ትሰማሻለች።»

ሰምታለች። አዲስ ነገር ግን አልሰማችም።

እናቷ ኮራል የሞተችውም በዚሁ በዓል፣ ገና የንግሥቲቱ ልደት ይባል በነበረ ጊዜ ነው። እሷ ባለችበት በኤድንብራ ጎህ ሳይቀድ ስልክ ጠራ። ኖላ ነበረች። እንደ ልማዷ ሳታለሳልስ ነገረቻት፤ «የኔ ልጅ፣ እናትሽ አረፈች።» ታምሲን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ማልቀስ ገና ሳይመጣላት፣ «አባዬን ስጪኝ» አለች። «የለም» አለች ኖላ። «ኤግዚቢሽኑ ላይ ነው። ሰው ልኬበታለሁ።»

የሞዴል ባቡሮች ኤግዚቢሽን ላይ። እናቷ ትንፋሽ ሲያጥራት እሱ ፎቶ ከሚያነሱ ሰዎች መሐል ቆሞ የእጅ መዳፍ የሚያክል ባቡር ሲያሽከረክር ታያት፤ ያውም ደስ ብሎት። ያ ሥዕል ከዚያ ቀን ወዲህ ከዓይኗ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ «ለምን ሄድክ?» ብላ አልጠየቀችውም፤ እሱም አንድ ጊዜ እንኳ ሊያስረዳ አልሞከረም። እሑድ እሑድ ይደውላል። «እዚያ በረዶ ነው?» «ነው።» «እዚህም ብርድ ነው።» ዓመታት በዚህ አለፉ።

ከሰዓት በኋላ ድራጎ መጣ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ጥቁር ሰማያዊውን የክለብ ጃኬት በሥራም በለቅሶም የማያወልቅ። ታምሲንን ከሕፃንነቷ ያውቃታል። በዋናው በር አልገባም፤ በጓሮ ዞሮ የወጥ ቤቱን በር በጉልበቱ ገፋው፤ በሁለት እጁ የተጋገረ ድንችና ሥጋ የያዘ ትልቅ ሳህን ይዟል።

«ዶክተሯ! በሩን ያዢልኝ፣ ሚስቴ ይኼን ከጣልኩት ረቡዕ ሁለት ሬሳ ነው የምትቀብሩት ብላኛለች።»

ታምሲን ሳትወድ ሳቀች። ሳህኑን ተቀብላ ቦታ ብትፈልግለት ቦታ የለም። ማቀዝቀዣው፣ ጠረጴዛው፣ የመስኮቱ ደፍ ሁሉ ጎረቤት ባመጣው ምግብ ተሞልቷል።

ድራጎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የኮፍያውን ጠርዝ በጣቶቹ ሲያዞር ቆይቶ፣ «የምጠይቅሽ ነገር ነውር ነው» አለ።

«ጠይቅ።»

«ነገ ኤግዚቢሽኑ ይከፈታል። ኩንዳራን፣ ያቺን ትንሿን ጣቢያችንን፣ አናቅርብ ብለን ነበር። ከዚያ ደግሞ ኔቪል ቢሰማ ምን ይለናል አልን። ከፊት የምንቆም ሰዎች አለን። ጓዳውን የሚይዝ ግን የለንም። እሱ ማንንም አላስነካም፤ ካንቺ በቀር ማንንም አላስተማረም።»

«ድራጎ፣ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ።»

«እና? ሐዲዱ አላደገም።»

መስኮቱ ውስጥ የግሌኒስ ፊት ብቅ አለ፤ «ሻይ ይጨመር ወይ?» ለማለት ነው። ታምሲን አየቻት፤ የተደረደሩትን ኩባያዎች አየች፤ ነገ ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ቆማ «አመሰግናለሁ፣ አዎ ድንገት ነው፣ አዎ ሳይሠቃይ ነው» እያለች የምትውለውን ቀን አየች። ደከማት።

«ከዚህ ቤት የሚያወጣኝ ከሆነ እመጣለሁ» አለች። «ለሱ ብዬ አይደለም።»

«ለሱ አላልኩሽም» አለ ድራጎ፣ ኮፍያውን እያጠለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት በትርኢት ሜዳው የሚነፍሰው ነፋስ ቆዳ ይልጣል። ገና በሩ ሳይከፈት ሰልፉ የመኪና ማቆሚያውን ዞሮታል፤ አያቶች ቴርሞሳቸውን በብብታቸው ይዘው፣ እናቶች ጋሪ እየገፉ፣ ከየአገሩ የባቡር ክለብ የተሰበሰበ ዓርማ ኮፍያቸውን ያጎበጠው ሽማግሌዎች እርስ በርስ እየተተራረቡ ይጠብቃሉ። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጠረጴዛ ነው፤ በየጠረጴዛው ላይ ተራራና ወደብ፣ የድንጋይ ከሰል ማውጫና የከተማ ጣቢያ፤ በመሐላቸው ባቡር ይሮጣል። አየሩ የተጠበሰ ቋሊማና የማሽን ዘይት ይሸታል።

ኩንዳራ በካርታ ላይ የለችም። ኔቪልና ጓደኞቹ ከስንዴ አገር አሮጌ ጣቢያዎች ቀንጨብ ቀንጨብ አድርገው የፈጠሯት ናት፤ አንድ መሳፈሪያ፣ አንድ የስንዴ ጎተራ፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ ጥላ ሥር የተኛ የጥፍር ያህል ውሻ። ከበስተኋላዋ ኮረብታና ሰማይ የተሳለበት ረጅም ሰሌዳ ቆሟል። ባቡሩ ከጣቢያው ተነስቶ ኮረብታው ውስጥ ሲገባ ሕዝቡ «ሜልበርን ሄደ» ይላል። የሄደው ግን ከሰሌዳው ጀርባ ነው። እዚያ ሐዲዶች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ አንድ ሰው ተቀምጦ የመጣውን ይቀበላል፣ ፉርጎ ይለውጣል፣ ሞተሩን አዙሮ ይልካል። ጓዳ የሚሉት ይህን ነው። እዚያ ያለውን ሰው ማንም አያየውም።

ከፊት ያለው ሰው ባቡር ሲያዘጋጅ ትንሽ ደወል ይነካል፤ «ልላክ?» ነው። የጓዳው ሰው መልሶ ይነካል፤ «ላክ» ነው። ደወል ካልተመለሰ አንዳች ነገር አይንቀሳቀስም። የቆመ ባቡር በጣት መግፋት፣ ከሐዲድ በእጅ አንስቶ መውሰድ በሕዝብ ፊት ነውር ነው፤ ከሰማይ እጅ ወርዶ ባቡር ሲያነሳ ያየ የኩንዳራ ሰው ምን ይል ነበር?

ታምሲን የአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ለእሷ ዝቅ ይላል። ደወሉ ሲጮኽ እጇ ራሱ ሄዶ መለሰ። ልጅ ሆና፣ እናቷ እራት ደረሰ ብላ እስክትጣራ ድረስ፣ በሥራ ክፍሉ ከአባቷ ጋር ይህን ሲጫወቱ ያመሹ ነበር። ጭንቅላቷ የረሳውን እጇ አልረሳም፤ ይህም አናደዳት።

ረፋዱ ላይ ግን ተሳሳተች። የስንዴ ባቡር ልካ ገና እጇን ሳታነሳ፣ ከሰሌዳው ማዶ አንድ የሽማግሌ ድምፅ አዳራሹን ሰነጠቀው።

«ኧረ ጉድ! ስንዴ ጭነው ወደ ስንዴ አገር መጡ!»

ሳቅ ፈነዳ። ፉርጎዎቹ ባዶ መጥተው ከጎተራው ጭነው መሄድ ነበረባቸው፤ እሷ ሙሉዎቹን ላከቻቸው።

«ምን ሆናችሁ?» ይላል ሽማግሌው። «ከካናዳ ገዛችሁ?»

«ዘንድሮ ድርቅ ነው፣ ወዳጄ» አለ ድራጎ፣ ፊቱ ሳይለወጥ። «እርዳታ ነው። ቆይተህ ተሰለፍ፣ ለአንተም ይደርስሃል።»

ሕዝቡ እንደገና ሳቀ። ድራጎ በሰሌዳው ላይ አንገቱን አሰግጎ ወደ ጓዳው አየ። ታምሲን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ታለቅሻለሽ?»

«እየሳቅሁ ነው» አለች። እውነቷን ነበር፤ ከማክሰኞ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ግን ሳቁ ሲያልቅ ምንም አልተረፋትም፤ ድካሙ ብቻ ቀረ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ተተኩላቸው። ሁለቱ ከጓዳው ጥግ በባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጠው በዳቦ የተጠቀለለ ቋሊማ በሉ። ድራጎ ሽንኩርቱን እየለቀመ ያወጣል።

«ያኔም እዚህ ነበር የተቀመጠው» አለ በድንገት።

«መቼ?»

«ኮራል የሞተች ዕለት።»

ታምሲን መብላቷን አቆመች። «ድራጎ፣ ዛሬ እንኳ ተወኝ።»

«እሺ። እተውሻለሁ።» ሌላ ሽንኩርት ለቅሞ አወጣ፤ መተው ግን አልቻለም። «አርፍዶ ነው የመጣው። ይህን ጃኬት ቁልፉን አዛንፎ ለብሶታል። አላወራንም፤ ገብቶ ተቀመጠ። እኔ ከፊት ሆኜ ደወል ነካሁ። መልስ የለም። ደገምኩ። የለም። ሰሌዳውን አልፌ ባይ፣ ጣቱን ደወሉ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ አይጫነውም። ‹ኔቪል› አልኩት። ‹እዚህ ምን አመጣኝ?› አለኝ። ‹እንግዲያው ተነስና ቤትህ ሂድ› ብለው፣ ‹ሳይመሽ እንዳትመጣ ብላኛለች› አለ። ሕፃን ልጅ ነበር የሚመስለው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ኩንዳራ ቆመች። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ያያል። እኔ ‹የምልክት ብልሽት ነው፣ ተሳፋሪዎች በትዕግሥት ይጠብቁ› እያልኩ ቀለድኩ። ቀልዱም አለቀብኝ። አንድ ባቡር እንኳ ሳይወጣ ዋልን። ከዚያ የኖላ ሰው መጣ። አባትሽ ተነስቶ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ ጋሪ የሚገፋውን እናት ሁሉ ‹ይቅርታ፣ ይቅርታ› እያለ ወጣ።»

ታምሲን የዳቦዋን ጫፍ ቆርሳ አፈረሰችው። የምታውቀው ሥዕል፣ ያ ደስ ያለው ሰውዬ፣ ትንሽ ተነቃነቀ። መነቃነቁን አልወደደችውም። የተማረችው ሁሉ እንድትጠራጠር ነው ያስተማራት፤ ከምንም በላይ ደግሞ በለቅሶ ቤት የሚነገረውን።

«ጥሩ ታሪክ ነው» አለች። «ለቀብሩ ያዘጋጀኸው ነው?»

ድራጎ አልተቀየማትም። አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እኔ ከፈጠርኩማ ከዚህ የተሻለ እፈጥር ነበር። ቢያንስ ሮጦ እንዲደርስ አደርገው ነበር።»

ከሰዓቱን በሙሉ ደወሉን መለሰች። ማታ ቤት ስትደርስ ጎረቤቶቹ ሄደዋል። ኖላ እጅጌዋን ሰብስባ የሰው ሳህን ታጥባለች። በየሳህኑ ሥር የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተለጥፏል፤ እሱ እንዳይለቅ እየተጠነቀቀች ዳር ዳሩን ትፈገፍጋለች። ታምሲን ካፖርቷን ሳታወልቅ አጠገቧ ቆመች።

«አክስቴ፣ ያን ቀን አባዬን ያስወጣችው እማዬ ናት?»

ኖላ ቀና አላለችም። «ድራጎ ነገረሽ?»

«እውነት ነው ወይ ነው የምልሽ።»

«እውነት ነው። ‹ኔቪል፣ ስትቆጥረኝ መዋል ሰልችቶኛል› አለችው። ትንፋሿን ይቆጥር ነበር፤ እንደ ክኒን። ‹ሂድና ባቡርህን ንዳ፣ ሳይመሽ እንዳትመጣ› አለችው። በሩ ሲዘጋ እጄን ይዛ ምርር ብላ አለቀሰች። በሱ ፊት አታለቅስም ነበር። ለማልቀስ ነው ያስወጣችው።» ሳህኑን አንስታ አንጠፈጠፈችው። «እሷም ያን ቀን ትሞታለች ብላ አላሰበችም። ማናችንም አላሰብንም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ምን ብዬ? እሱ አትንገሪያት አለ። ‹እናቷ አባረረችኝ ብዬ ለልጄ ልናገር?› አለ። ደግሞስ ብነግርሽ ምን ይለወጥ ነበር? ሂድ ቢባል እንኳ መሄድ አልነበረበትም። ደጃፍ ላይ ቁጭ ማለት ይችል ነበር። ጓሮው ውስጥ መደበቅ ይችል ነበር። ወንድሜ ሂድ ሲሉት የሚሄድ ሰው ነው። ይኼ ያናድደኛል። ዛሬም ያናድደኛል።»

«እኔ ግን…» አለች ታምሲን፤ መጨረስ አቃታት። እኔ ግን ሂጂም አልተባልኩም፤ ራሴ ነው የሄድኩት፣ ልትል ነበር። በሱ ላይ መናደድ የራሷን መሄድ ምን ያህል እንዳቀለለላት ገና አሁን ታያት።

ኖላ እጇን በሽርጧ አደረቀችና ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየቻት። «እየተናደዱ መቅበር የተከለከለ መሰለሽ? እኔ እሱን የምቀብረው እየተናደድኩ ነው። ታርቆ የሚቀብር ማን አለ?»

ታምሲን የመስኮቱን ደፍ ተደግፋ ቆየች። ከዚያ ፎጣ አነሳችና ማድረቅ ጀመረች።

እሑድም ሄደች፤ ሰኞም። ማንም አልጠየቃትም፤ ድራጎ ጠዋት ጠዋት በር ላይ መኪናውን አቁሞ ይጠብቃታል። በሦስቱ ቀን ውስጥ ብዙ ሰው ከሰሌዳው ማዶ «ኔቪል የለም እንዴ?» እያለ ጠየቀ። ቅዳሜ ድራጎ ይመልስላት ነበር። ሰኞ ግን አንዲት ዣንጥላ የያዘች ሴትዮ በጎን በኩል ዞራ እስከ ጓዳው መጣች።

«እዚህ የሚቀመጠው ሰውዬስ? ፋርማሲስቱ?»

«ሞቷል» አለች ታምሲን። ቃሉን ከአፏ አውጥታ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር፤ እስከዚያ «አረፈ» እና «ተለየን» ስትል ነው የቆየችው። «አባቴ ነው።»

ሴትዮዋ ዣንጥላዋን ጨበጥ አደረገች። «የባሌን መድኃኒት እቤት ድረስ እያመጣ ይሰጠኝ ነበር» አለች፤ ቆማ አንድ ባቡር ሲገባና ሲወጣ አይታ ሄደች።

ማምሻው ላይ የመዝጊያው ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። አዳራሹ ባንድ ጊዜ ሌላ አዳራሽ ሆነ። ተራሮቹ መሐል ለመሐል ተፈተው ለሁለት ተከፈሉ፤ ወደቦች ተጠቀለሉ፤ ሰው ሁሉ ብሎን ፈቺ ሆነ። የጭነት መኪና ጭስ ከነብርዱ በትልቁ በር ገባ። ኩንዳራም ተፈታች። ጎተራው ከመጠጥ ቤቱ፣ መጠጥ ቤቱ ከጣቢያው ተለያየ። የክለቡ ሰዎች ከበድ ከበድ ያለውን እየያዙ ወጡ። የጓዳው ጠረጴዛ ለታምሲንና ለድራጎ ቀረ።

ሁለቱም በየጫፉ ይዘው አነሱት። ከገመተችው በላይ ይከብዳል። እሷ ወደ ኋላ እየተራመደች፣ እሱ ከፊቷ ሆኖ እየመራት ሄዱ፤ «ትንሽ ወደ ቀኝ… ቀጥ በይ… ገመድ አለ፣ እግርሽን አንሺ።» ዞራ አላየችም። ተጎታቹ ጋ ሲደርሱ አንሸራተው ከተቱት፤ ድራጎ በብርድ ልብስ ሸፍኖ በገመድ አሠረው። ከዚያ ሁለቱም ትንፋሻቸው እየጨሰ የተጎታቹን ጠርዝ ተደግፈው ቆሙ። ታምሲን እጆቿን ኪሷ ከተተች።

«ድራጎ» አለች። «ረቡዕ አንተ የት ነህ?»

«ቤተ ክርስቲያን ነኛ። የት ልሆን ኖሯል?»

«ሣጥኑ ሥር ማለቴ ነው።»

ድራጎ ገመዱን የሚያጠብቅ መስሎ አጎነበሰ። «መሐል ላይ። በግራ በኩል።»

«ከጎንህስ?»

«ማንም የለም። ሌሎቹ ባሕር ዛፍ ያክላሉ፤ ከነሱ ጋር ካቆሙኝ ሣጥኑ ወደ እኔ ያዘነብላል። አስፈጻሚው በኔ ጉዳይ ተጨንቋል።»

ታምሲን እጆቿን ከኪሷ አወጣች። ተጎታቹን ለቃ መጣችና፣ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዩ አድርጋ አጠገቡ ቆመች። መዳፏን ዘርግታ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ወደ እሱ ስትገፋው ከትከሻው በላይ አልፎ ጆሮውን ነካው።

«ትበልጪኛለሽ» አለ ድራጎ።

«ጫማው ነው።»

አጎንብሳ የባለ ተረከዙን ቦት ጫማዋን ዚፕ ከፈተች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን አወለቀች። በካልሲዋ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቆመች። መዳፏን እንደገና ትከሻዋ ላይ አደረገችና ወደ እሱ ገፋችው። መዳፏ ሳይወርድ ሳይወጣ ሄዶ የድራጎ ትከሻ ላይ አረፈ።

እኩል ነበሩ። እጇን ግን አላነሳችም።